የተቀበረው ሮቦት

ባለፈው ግፋታ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ የሰፈራችን ልጅ ከደቡብ አፍሪካ ተመልሶ ጉኑኖ ገባ። ከሻንጣው ውስጥ በፌስታል ሦስት ጊዜ የተጠቀለለ ካርቶን አውጥቶ «ወንድምህ በእጁ ስጠው ብሎኛል» አለኝ። ጆሃንስበርግ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ለእናታችን ሹራብ፣ ለእኔ ጫማ መላክ ልማዱ ነው። ይህኛው ግን ጫማ አልነበረም። ፌስታሉን ስፈታው ከካርቶኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሮቦት ቀና ብሎ አየኝ። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ለሞላው፣ የሁለት ልጆች አባትና የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ለሆነ ሰው መጫወቻ ተላከለት ማለት ነው።

ማታ በስልኬ የድምፅ መልእክት ገባ። «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ የሰብሳቢዎች ዕቃ ነው። ካልተከፈተ ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል ይላሉ። ብትፈልግ አስቀምጠው፣ ብትፈልግ ክፈተው። የኛን ያስታውስሃል ብዬ ነው።»

«የኛን» ያላት ቃል ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳችኝ። ለምን እንደነሳችኝ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ዕቃው ላውራ፤ ብዙዎቻችሁ ፊልሙን እንጂ ታሪኩን ላታውቁት ትችላላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ጃፓን ውስጥ ነው። ታካራ የተባለው መጫወቻ ሠሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ዲያክሎን የሚባሉ መጫወቻዎችን ማውጣት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ከእነዚሁ መካከል ሲያጣጥፏቸው መኪና፣ ሲዘረጓቸው ሮቦት የሚሆኑ መጡ። ያን ጊዜ ሮቦቶቹ ሕይወት ያላቸው ተደርገው አይታዩም ነበር፤ እግሩ ሥር ማግኔት ያለው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ትንሽ ሰው ውስጣቸው ተቀምጦ ይነዳቸዋል። ከዚያ ሃስብሮ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት አያቸውና ከሌሎች መሰሎቻቸው ጋር አንድ ላይ ሰብስቦ በ1984 «ትራንስፎርመርስ» በሚል ስም ለገበያ አቀረባቸው። የማርቬል ጸሐፊዎች ለእያንዳንዱ ስምና ጠባይ ሰጡት። የመሪያቸውን ስም ኦፕቲመስ ፕራይም ያለው ደኒ ኦኒል የተባለ ጸሐፊ ነው፤ ጃፓኖች ግን ኮንቮይ ይሉታል። ትንሹ ነጂ ወረደ፣ ሮቦቱ ራሱ ነፍስ ዘራ። ከመጀመሪያዎቹ መጫወቻዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ የነጂው መቀመጫ ባዶውን ቀርቶ ይታያል። በ1986 በወጣው የካርቱን ፊልም ላይ ኦፕቲመስ ሲሞት ሕጻናት ሲኒማ ቤት ውስጥ አለቀሱ፤ ቅሬታው ስለበዛ በቀጣዩ ዓመት በቴሌቪዥኑ ተከታታይ ፊልም ላይ ዳግመኛ አስነሡት።

ወንድሜ የላከልኝ ይህንኑ ኦፕቲመስ ነው፤ ግን የዛሬ አርባ ዓመቱን አይደለም። ታካራ ቶሚ ከ2024 ጀምሮ «ሚሲንግ ሊንክ» ብሎ ያወጣው ነው። ስሙ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመጣ «የጠፋው ማያያዣ» እንደ ማለት ነው። ሐሳቡ የ1984ቱን መልክ ሳይነኩ አካሉን ማላላት ነው። የድሮው ሲዘረጋ ያምራል እንጂ እንደ ምሰሶ ግትር ነበር፤ አንገቱን እንኳ ወደ ጎን አያዞርም። የአሁኑ በመልኩ ያው ነው፦ ቀዩ የመኪና ፊት፣ ደረቱ ላይ የሚቀሩት ሁለት መስኮቶች፣ ሰማያዊ እግሮቹ፣ ግራጫው ተሳቢ። አንገቱ፣ ክርኑ፣ ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ግን ይታዘዛሉ። በአንድ ጉልበቱ ማንበርከክም ይቻላል።

ይህ ዕቃ የሚሠራው ለልጆች አይደለም። የሚገዙት ያኔ ልጆች የነበሩ፣ ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ ጃፓኖችና አሜሪካኖች ናቸው፤ ገንዘባቸውን ከፍለው ትዝታ ይገዛሉ። አልፈርድባቸውም። ግን ቀኑን ለአባቴ ስነግረው ሌላ ነገር ነው የታወሰው። 1984 ማለት በእኛ 1976 እና 1977 ነው። ለአባቴ ሰባ ሰባት የድርቅና የረሃብ ዓመት ነው፤ የደርግ ዘመን ነው፤ ወላይታ ውስጥ ብዙ ጸሎት ቤቶች የተዘጉበት፣ ምእመናን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጸለዩበት ጊዜ ነው። ሮቦቱን እያገላበጠ «ያኔ ልጆች በጭቃ በሬ ነበር የሚጫወቱት» አለኝ፤ «እውነተኛው በሬ ሞቶ።»

እኔና ወንድሜ ያደግነው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናችን የሽቦ ነበረች፤ ጎማዋ ካረጀ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ። በ1992 ዓ.ም. ግን አባታችን ሶዶ ወርዶ ቡና ሸጠና ሲመለስ ከሰልባጅ ሻጭ ያገኛትን አንዲት ቀይ የጭነት መኪና ይዞልን መጣ። በዚያ ሳምንት ወንድሜ ወባ ይዞት ስለተኛ ለእሱ ሰጠው። እኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር።

ሁለት ቀን መኪና ብቻ መስላን ተጫወትንባት። ሮቦት መሆኗን የደረሰበት የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ እኩያዬ ነበር። ግቢያችን ሣር ላይ ተቀምጦ በጣቶቹ ሲዳብስ፣ ሲስብ፣ ሲያጣጥፍ ቆየና በድንገት ከመኪናው ውስጥ ጭንቅላት ብቅ አለ። ሦስታችንም ጮኽን። አንድ ጡጫው ጠፍቶ ነበር፤ ግድ አልሰጠንም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ልጅ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እኛ ነበር የሚመጣው።

እኔ ቀበርኩት።

ላሳብብ ብል ማሳበቢያ አላጣም። በዚያ ሰሞን አንድ እንግዳ ሰባኪ መልኩን የሚቀያይር መጫወቻ ከምእመን ቤት መውጣት አለበት ሲል ሰምቼ ነበር። እውነቱ ግን ቅናት ነው። ለታናሼ መሰጠቱ፣ ምስጢሩን ደግሞ የጎረቤት ልጅ ማወቁ አንገበገበኝ። አንድ ቀን ሲመሻሽ እናቴ ወደ ወንዝ እንደወረደች መቆፈሪያ ይዤ ከጓሮ ገባሁና ከሦስተኛው እንሰት ሥር ቀበርኩት።

በማግስቱ ወንድሜ አለቀሰ። ቤቱ ሁሉ ተፈለገ። ከዚያ አንድ ሰው «ያ ልጅ ነበር የማይለየው» አለ። አባቱ እጁን ይዞ ወደ ግቢያችን አመጣው፤ በቀበቶ ፊታችን ገረፈው። «አልወሰድኩም» ብቻ ነበር የሚለው። እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ ቆሜ ነበር፤ ጥፍሮቼ ውስጥ ቀዩ አፈር ነበር።

ላወጣው ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ባወጣው «ከየት አገኘኸው?» እንደሚሉኝ ሳስብ ሦስቱንም ጊዜ ተመለስኩ። በኋላ እንሰቱ ተነቀለ፣ መሬቱ ተገለበጠ፣ ዕቃውም ጠፍቶ ቀረ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ግቢያችንን አልረገጠም። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ጫማ ሊጠርግ አዲስ አበባ ሄደ። በእኔ ምክንያት ነው አልልም፤ ከሰፈራችን ስንት ልጅ ሄዷል። ግን በእኔ ምክንያት አይደለም ብዬም ለመማል አልደፍርም።

ወንድሞችና እህቶች፣ በማቴዎስ 25 ያለውን የመክሊት ምሳሌ ለሰንበት ተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። መሬት ቆፍሮ ስለቀበረው ሰው ስደርስ ሁልጊዜ ድምፄ ይፈጥናል። ያንን ማንም ልብ አላለም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ካርቶኑ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ቀን ሳይከፈት ተቀመጠ። ባለቤቴ «ሽጠህ ለልጆቹ ክፍል አግዳሚ ወንበር አሠራበት» አለችኝ። ጥሩ ምክር ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር፤ ምክንያቱም መሸጥ ዝም ለማለት ይመቻል። በአራተኛው ቀን ለወንድሜ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ከበስተጀርባው ደንበኛ ሲያነጋግረው፣ ሳንቲም ሲቆጠር ይሰማኛል። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ወንድም ጋሼ፣ እኔማ ይኸው አዲስ ገዛሁ» አለኝ። «የተገረፈው ግን እኔ አይደለሁም።»

ያ ልጅ ዛሬ ጉኑኖ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ከአዲስ አበባ ከተመለሰ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። መንገድ ላይ ስንገናኝ «መምህር» ብሎኝ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም ሒሳብ አይቀበለኝም። ቅዳሜ ማታ ካርቶኑን እንደታሸገ ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ቡና አቀረበች። የመጀመሪያውን ሲኒ ሳልጨርስ ተናገርኩ፤ ከዘገየሁ እንደማልናገር አውቀዋለሁና።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ሲኒውን አስቀመጠና «አባቴ እስኪሞት ድረስ እንደወሰድኩት ነበር የሚያምነው» አለ። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ሰምቻለሁ» አለኝ። ከዚህ ሌላ አልጨመረም።

ጥቂት ቆይቶ «እስቲ ያን አምጣው» ብሎ ካርቶኑን ወሰደና ቴፑን በባጃጁ ቁልፍ ቀደደው። ስለ ዋጋው ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ቢያዩ ልባቸው ይደማል። ከውስጥ የማጣጠፊያ መመሪያ ወረቀት ወጣ፤ አላየውም። እግሮቹን ከኋላ መለሰ፣ ክንዶቹን ከጎን አወጣ፣ ጭንቅላቱን ከውስጥ ገለበጠ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ጣቶቹ ቅደም ተከተሉን ያውቁታል። የተቸገረው አዲሶቹ መገጣጠሚያዎች ላይ ብቻ ነው። «ይሄ ጉልበት አልነበረውም» አለ እያጠፈው። ልጆቹ ዙሪያውን ከበቡት።

ስለ ዕቃው ብትጠይቁኝ ሥራው የረቀቀ ነው፤ መልኩን ሳይለቅ መገጣጠሚያ ማግኘቱ ያስደንቃል። ጉድለቱም አለ፤ ትንንሽ ክፍሎቹ በእኛ ቤት ወለል ላይ አይበረክቱም፤ ዋጋውም ለመጫወቻ የሚከፈል አይደለም። ካርቶኑ ከ15 ዓመት በላይ ለሆኑ ይላል፤ የሰባት ዓመቱ ልጅ ግን ከእኔ ቀድሞ ተማረው። ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሮቦቱ ሲለወጥ አዲስ ነገር አይጨመርበትም፤ ያው አካል ታጥፎ ይዘረጋል፣ ተመልሶም ይታጠፋል። ጳውሎስ በሮሜ 12 ላይ የሚናገረው መለወጥ እንደዚህ አይመስለኝም። እኔ ግን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ዓይነቱ ነበር የኖርኩት፤ እሁድ ስዘረጋ፣ ሰኞ ስታጠፍ።

ሮቦቱ አሁን እሱ ቤት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው። ጠብመንጃው በሁለተኛው ሳምንት ጠፋ አሉኝ፤ እሰየው ብያለሁ። አሁንም «መምህር» ነው የሚለኝ። የባጃጁን ሒሳብ ግን መቀበል ጀምሯል፤ ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

የቀሩት እናቱ ነበሩ፤ ሶዶ ሴት ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት። ይህን ጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ ከመስጠቴ በፊት ሄጄ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ያ ዕቃ ዋጋው ስንት ነበር?» አሉኝ። አላውቅም፤ ያኔ አባቴ ከሸጠው ቡና ጥቂቱ ይሆናል አልኳቸው።

«ለጥቂት ቡና!» አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ ተነሥተው ምሳ አቀረቡልኝ። እንድበላም ቆመው ጠበቁኝ።