ጀልባዋ አለች፤ ሞተሩ የለም!

ሐዋሳ ሄዶ አሞራ ገደል ያልገባ ሰው ሐዋሳን አየሁ ባይል ይሻለዋል። መሄድ ደግሞ በጠዋት ነው። አሣ አጥማጆቹ ከሐይቁ ሲመለሱ፣ ልጆቹ ቆሮሶውን በቢላ ሲያራቁቱት፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆመው የአሣ ራስ ሲጠብቁ ማየት ነው። ጥሬውን በአዋዜ የሚቀምስ ይቀምሳል። እኔ ሆዴ ፈሪ ስለሆነ ጥብሱን ነው የምመርጠው።

እናላችሁ በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ እዚያ የተገኘሁት ለአሣ አልነበረም። ቦርሳዬ ውስጥ ሳሙና የምታህል ጥቁር ዕቃ ይዣለሁ። ጂፒኤስ!

የአክስቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት የጎብኚ ጀልባ አለችው። ሙሽራውንም፣ ፍቅረኛውንም፣ ጉማሬ አሳዩኝ የሚለውንም እያዞረ ነው የሚኖረው። በ2016 ክረምት አንድ ጠዋት ሲመጣ ጀልባዋ እንደታሰረች አለች፤ ሞተሩ ግን የለም። ማሰሪያውን ፈትተው፣ የነዳጁን ቱቦ ነቅለው፣ ተሸክመውት ሄደዋል። ማን? አይታወቅም። የሌሊቱ ዘበኛ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ በማግስቱ ተባረረ። «ሳያውቅ አይቀርም» ተባለ፣ አለቀ። ልጆቹ ዕቁባቸውን አውጥተው ያገለገለ ሞተር ገዙ፣ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ቀጠሩ። ከዚያ ስልኬ ጮኸ።

«ወንድምዬ፣ አንተ መርካቶን ታውቃለህ፣ ጂፒኤስ ግዛልኝ። ዘበኛው ግን እንዳይሰማ!»

እኔ ጂፒኤስ ሁሉ አንድ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ነጋዴ ሁለት ሽቦ ያለው የመኪና ዕቃ አወጣልኝና፣ «ቀይና ጥቁሩን ከባትሪው ጋር ታገናኘዋለህ» አለኝ። ለልጁ ደወልኩ። «የምን ባትሪ? እኔ በገመድ ስቤ ነው የማስነሳው!» ለካስ ትንንሾቹ የጀልባ ሞተሮች እንደ ጄኔሬተር በገመድ ነው የሚነሡት፤ ብዙዎቹ ባትሪ የላቸውም። የመኪናው ዕቃ ደግሞ ከመኪናው ባትሪ ካልጠባ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ የራሱ ትልቅ ባትሪ ያለውን ፈልጉ። ውኃ የማያስገባም መሆን አለበት፤ ሣጥኑ ላይ «አይፒ 67» የሚል ካለበት ለግማሽ ሰዓት አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ይችለዋል ማለት ነው።

አሜሪካ ያለች ዘመዳችን «እኔ እልካለሁ» ብላ ተነሥታ ነበር። ተይው አልናት። እዚያ የሚሸጡት ብዙዎቹ ከነሲም ካርዳቸው የሚመጡና በወር ክፍያ የሚሠሩ ናቸው፤ እዚህ ሲደርሱ ጌጥ ሊሆኑ ይችላሉ። የመገናኛ ዕቃ በመሆኑም ጉምሩክ ፈቃድ ሊጠይቅበት ስለሚችል፣ ከማስላካችሁ በፊት አጣሩ። አንዱ አይፎን ያለው ወዳጄ ደግሞ፣ «ኤርታግ ጣልበት በቃ» አለኝ። ኤርታግ በብሉቱዝ ነው የሚሠራው፤ በአጠገቡ የሚያልፍ የአፕል ስልክ ካላገኘ ድምፁ አይሰማም። ቦሌ ላይ ይሆናል። ሌሊት ሐይቅ ዳር ግን አይፎን ይዞ የሚያልፈው ማን ነው፣ ጉማሬው? ይባስ ብሎ፣ ሌባው አይፎን ካለው «የማታውቀው ዕቃ እየተከተለህ ነው» ብሎ ለሌባው ይነግረዋል!

ጂፒኤስ ራሱ ጆሮ እንጂ አፍ የለውም። 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ድምፅ ይሰማና የት እንዳለ ያሰላል። ለእናንተ የሚነግራችሁ ውስጡ ያለው ሲም ካርድ ነው። እንደው ማውራት የማይችል ሞባይል በሉት፦ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ሂሳብ ይፈልጋል፣ ቻርጅ ይፈልጋል። ሐዋሳ ከተማው ሐይቁ አፍ ላይ ስለሆነ ብዙም አላስቸገረንም። ጣና ወይም ጫሞ ላይ ለምትሠሩ ግን፣ ሲሙን መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ አድርጉና ጀልባዋ የምታድርበት ቦታ ድረስ ሄዳችሁ ሞክሩት። ኢንተርኔት ሲጠፋ በመልእክት የሚመልስም ይሁን። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት መቆየቱን የረሳ አለ? ደግሞ ብዙዎቹ «123456» በሚል የይለፍ ቁጥር ነው የሚመጡት፤ ያን ዕለቱኑ ካልቀየራችሁት ጀልባችሁን የሚከታተለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

አሁን የት ይደበቅ? ልጁ ጀልባዋ ወለል ሥር ሊቀብረው ነበር። እስቲ አስቡት፤ የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውኃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለም። ጀልባዋን ሰርቆ የት ያደርሳታል? ሞተሩ ግን በማዳበሪያ ተጠቅልሎ፣ በባጃጅ ተጭኖ መናኸሪያ ለመድረስ ደቂቃዎች ይበቁታል። ስለዚህ ከሞተሩ ክዳን ሥር አደረግነው። ክዳኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ድምፁን አያፍንም፤ ብረት ሣጥን ውስጥ ግን ዕቃው ይደነቁራል። በማግኔት ይለጠፋል የተባለውም ውሸት ሆነብን፣ አሉሚኒየም ማግኔት አይዝም። ከሚግለው አካል አርቀን በጎማ ጠቅልለን አሰርነው።

«ሲንቀሳቀስ ብቻ ይነቃል፣ ባትሪ ይቆጥባል» የሚለውም ለጀልባ አይሆንም። ጀልባ ታስራም ትወዛወዛለች፤ ዕቃው ሲነቃ ያድራል። ሌሊት በየ10 ደቂቃው እንዲናገር፣ ቀን ዝም እንዲል አደረግነው። ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰኞ ቻርጅ ይደረጋል።

የመጀመሪያው ሌሊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። «ከአጥሩ ወጥቷል» ይላል። አጥር የሚሉት ካርታው ላይ የምታሰምሩት ክብ ነው። እኛ ብልጦቹ 10 ሜትር ብቻ አድርገነዋል። ልጁ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ሮጠ፣ እኔ በነጠላ ጫማ ተከተልኩት። «የት አደረሳችሁት?» እያለ ይጮሃል።

ዘበኛው ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ተነሡና የእጅ ባትሪያቸውን ወደ ውኃው አበሩ። ጀልባዋን ንፋስ ገፍቷት ገመዷን ጨርሳ ቆማለች። ሞተሩም አለ።

«ልጄ፣ ተሰረቀ ብሎ ማን ነገረህ?»

ልጁ ስልኩን አሳያቸው። ብዙ ጊዜ አዩት። «ታዲያ ይሄ ካለህ እኔን ለምን ቀጠርከኝ?» አሉና ወደ እሳታቸው ተመለሱ።

እኔ በበኩሌ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። የጂፒኤስ ቁጥር ቆማ ያለችውንም ዕቃ በጥቂት ሜትሮች እንደሚያንቀሳቅሳት ያወቅነው ከዚያ ወዲህ ነው። በነጋታው ሁሉን ነገርናቸው። አጥሩን 80 ሜትር አደረግነው። ዕቃው ለሦስት ቁጥሮች ይደውላል፤ አንደኛው የእሳቸው ቁልፍ ስልክ ሆነ። ለምን ቢሉ፣ ሌባው ሲመጣ ሃያ እርምጃ ላይ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ልጁ ከአልጋው እስኪወርድ ሞተሩ ባጃጅ ላይ ወጥቷል። የሞተሩን መለያ ቁጥርና የግዢ ደረሰኙንም ፎቶ አንስተን አስቀመጥን። ጥቁሩ ነጥብ ካርታ ላይ ሲሄድ ብቻችሁን ተከትላችሁ እንዳትሮጡ፤ ያን ወረቀትና ስልካችሁን ይዛችሁ ፖሊስ ጋ ግቡ።

ልመለስ ስል የአክስቴ ልጅ ሻንጣዬን እንደያዘ ቆመ።

«ያ ያባረርነው ሰውዬ... ታቦር ተራራ ሥር ግንባታ እየጠበቀ ነው አሉ። ልሂድ እንዴ?»

ቡናና ስኳር ገዝተን አብረን ሄድን። አላገኘነውም፤ ለጥምቀት አገሩ ገብቷል አሉን። ዕቃውን ለባልደረባው ሰጥተን፣ ስልኩን ተቀብለን መጣን። ልጁ እስከ አሁን ሁለቴ ደውሎለታል፤ አላነሳለትም።