ይረግፋል ብዬ

ጥፋቱ የእኔ ነው። በስኳሩም፣ በውኃውም፣ በሚኤሶ ሙቀትም አላሳብብም። ልጄ በ8 ዓመቱ መንጋጋ ጥርሱን ያጣው እኔ «ይረግፋል» ብዬ ስለተውኩት ነው።

ያኔ ሚኤሶ ላይ መንገድ ዳር ሻይና ሳምቡሳ እሸጥ ነበር። ልጁ ያደገው በሻይ ጠረጴዛዬ ሥር ነው። ሲያለቅስ ስኳር የበዛበት ሻይ በጡጦ እሰጠዋለሁ፤ ማታም ጡጦውን እንደጎረሰ ይተኛል። ከጎኔ የግመል ወተት በጀሪካን ይዘው የሚቀመጡ ሴቶች ነበሩ። ገዢ እስኪመጣ ድረስ በመፋቂያ ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። የጥርሳቸውን ንጣት ሳይ እቀናለሁ። የልጄን አፍ ከፍቼ ማየት ግን አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። መፋቂያ የአዋቂ ነው፤ ብሩሽም ትምህርት ቤት ሲገባ የሚገዛ ይመስለኝ ነበር።

ደግሞ ራሴን ከሰፈሩ እናቶች ሁሉ የነቃሁ አድርጌ እቆጥር ነበር። ልጁን በ7 ወሩ ተቅማጥ ሲይዘው ጎረቤቶች «ግግ ነው፣ ይውጣለት» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ገና ያልበቀለ ጥርስ ድድ ቀድዶ ማውጣት ሕፃን ሊገድል እንደሚችል ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰምቼ ነበር። በዚያ እምቢታዬ ዛሬም አልጸጸትም። ግን ያን ያህል የተሟገትኩለትን ጥርስ፣ ከበቀለ በኋላ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ብሩሽ የገዛሁለት በ4 ዓመቱ ነው። እጁ ላይ ሳስቀምጥለት የእኔ ድርሻ ያለቀ መሰለኝ። ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆሞ የፊት ጥርሶቹን ሁለት ጊዜ ፈተግ ፈተግ ያደርግና የጥርስ ሳሙናውን ውጦ ይሮጣል። ማታ ጭራሽ የለም። የፊት ጥርሶቹ ሲጠቁሩ አይቻለሁ። «የወተት ጥርስ አይደል? ይረግፋል፣ ይተካል» አልኩ። እናቴም ለእኔ ያለችው ይህንኑ ነው።

6 ዓመት ሲሞላው ከጥርሶቹ ሁሉ ኋላ መንጋጋ አወጣ። የወለቀ ጥርስ ስላልነበረ እሱንም ከወተት ጥርሶቹ ጋር ቆጠርኩት።

በ8 ዓመቱ አንድ ሌሊት እየጮኸ ተነሳ። ቅርንፉድ አስነከስኩት፣ በጨው ውኃ አፉን አስጉመጠመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ጉንጩ ዓይኑን ሊሸፍን እስኪደርስ አበጠ። ያኔ ነው ዳገቱን ወጥተን ጭሮ ከተማ የሄድነው።

የጥርስ ባለሙያዋ በመብራት አየችና «ይቺ የወተት አይደለችም፣ እህቴ፤ አትተካም» አለችኝ። የወተት ጥርስ 20 ነው። ይህቺ ከእነሱ ኋላ በ6 ዓመት ገደማ የምትበቅል የዕድሜ ልክ መንጋጋ ናት። ጥርስ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ እንደሚታጠብ የሰማሁት እዚያ ወንበር አጠገብ ቆሜ ነው። እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ በኋላ የአተር ፍሬ የምታክል ሳሙና ይበቃል። ልጅ 7 ወይም 8 ዓመት እስኪሞላው ብቻውን አጥርቶ ማጠብ ስለማይችል ወላጅ ራሱ ያጥብለታል። በእንቅልፍ ምራቅ ስለሚቀንስ ከሁሉም የሚበልጠው የማታው ነው። «የወተት ጥርስም ቢሆን ከሥሩ ለሚመጣው ቦታ ይጠብቃል፤ ያለጊዜው ከተነቀለ ጎረቤቶቹ ተጋፍተው ይገቡበታል» አለችኝ። እኔ እያደመጥኩ ልጁ እጄን ጨብጦ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የተነቀለውን ጥርስ በወረቀት ጠቅልሎ እስከ ሚኤሶ በጡጫው ይዞት መጣ። ቤት እንደደረስን ወደ ጣራው ወረወረው። ቆርቆሮው ላይ ተንኳኳና ዝም አለ።

«እማዬ፣ አዲሱ መቼ ነው የሚበቅለው?»

«ከርሞ» አልኩት። ዋሸሁት። ከርሞ ደረሰና መስታወት ፊት ቆሞ በጣቱ ድዱን ሲፈልግ አየሁት። ያኔ ቁጭ አድርጌ እውነቱን ነገርኩት፤ እንደማይበቅል፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ። አላለቀሰም። «አታውቂም ነበር?» ብቻ አለኝ። ጠይቄ ማወቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅኩም። ይህንንም ነገርኩት።

አሁን እህቱ 6 ዓመቷ ነው። ማታ ማታ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አስደግፌ ጥርሷን የማጥብላት እኔው ነኝ። እሱ የስልኬን መብራት ይዞ ከላይ ያበራልናል።

«የኋላዋን፣ እማዬ» ይለኛል፣ «ያቺን የማትረግፈዋን።»