የቆርኪ ሠራዊታችን

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ከባድ ነገር የሚጽፍ ስለማይጠፋ፣ እኛ ስለ ጨዋታ ብንጽፍ አንባቢዎቻችን ይቅር እንደሚሉን እናምናለን። ጨዋታው ሰንጠረዥ ነው። ዛሬ ቃሉን የምናውቀው በረድፍና በዓምድ ቁጥር ለሚሞላበት ነገር ሲሆን፣ በስታቲስቲክስ ለተንገላቱ ወንድሞቻችን ጥሩ ትዝታ አይቀሰቅስም። ለቀድሞዎቹ መኳንንት ግን ሰንጠረዥ የጦር ሜዳ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ ለሌላ ጉዳይ መጽሔት ስናገላብጥ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ የጻፉትን አገኘን። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ እንዳገኛቸው፣ ፕላውደን የተባለውም ሌላ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1868 በታተመው መጽሐፉ ስለ ጨዋታው እንደጻፈ አነበብን። ከሁለታችን አንዱ ታሪክ፣ ሌላው አማርኛ ስለምናጠና እያንዳንዳችን «ይህ የእኔ ነው» ብለን ጥቂት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ሕጉን በደብተር ገልብጠን ለእረፍት ወደ ሽንዲ ይዘነው ሄድን።

የዛሬውን ቼዝ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነገር መርሳት አለበት። እንደ ልቧ የምትፈነጨው ንግሥት እዚህ የለችም፤ በቦታዋ ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል፣ ማለት ዝሆኑ፣ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ ነገር ግን ብንቆጥረው ከ64ቱ ቤቶች ዕድሜውን ሙሉ ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ሆኖ አገኘነው። ፈረስ ያው ፈረስ ነው። ደር ቀጥ ብሎ የፈለገውን ያህል ይሄዳል። እግረኛው መደቅ አንድ አንድ ቤት ያዘግማል። ዋናው ልዩነት ግን አጀማመሩ ነው፤ ተራ የሚባል የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ እየተሽቀዳደሙ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ተራ የሚመጣው አንዱ የሌላውን ሰው ከበላ በኋላ ነው። ደግሞም አገዳደሉ ክብር አለው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መግደል እንደ ጨዋ ሥራ አይቆጠርም ነበር፤ የሚመሰገነው በደካሞቹ የገደለ ነው። ሰው ሁሉ አልቆበት ራቁቱን የቀረ ንጉሥ ደግሞ አይገደልም።

በሽንዲ ለዚህ የሚሆን አንድ ሰው ብቻ እናውቃለን። እረኞች ሳለን መሬት ቆፍሮ ገበጣ ያስተማረን፣ ዛሬ በሱቅ በረንዳ ላይ በዳማ የሚረታው የጠፋ ጓደኛችን ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሦስታችንም አብረን ተፈተንን። በዚያ ዓመት ከግማሽ በላይ ያመጣው ተፈታኝ ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበረ አንባቢ ያስታውሳል። እኛ ከእነዚያ ውስጥ ተገኘን፤ እርሱ አልተገኘም። ክረምቱን እኛ ፍኖተ ሰላም ዘመድ ቤት ተቀምጠን ስናጠና፣ እርሱ የአባቱን በቆሎ ይኮተኩት ነበር።

ሠራዊቱን ያዘጋጀነው ከቆርኪ ነው። ከልብስ ሰፊ በለመንነው ቀይ ጨርቅ ላይ 64 ቤት አሰመርን። እንደ ዳማው የአንዱ ወገን ቆርኪ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው ተቀመጠ። ለመደቅ የቢራ፣ ለደር የአምቦ ውኃ፣ ለፈረስ የኮካ፣ ለፊል የፔፕሲ፣ ለፈርዝ የስፕራይት፣ ለንጉሡ የዳሸን ቆርኪ መደብን። የተገለበጡት ግን ዓይነታቸው ስለማይታወቅ ጓደኛችን በሆዳቸው እህል ጨመረባቸው፤ ለደር በቆሎ፣ ለፈረስ ባቄላ፣ ለፊል አተር፣ ለፈርዝ ሽምብራ፣ ለንጉሡ የቡና ፍሬ። (በሁለተኛው ቀን አንዲት ዶሮ መጥታ ሁለቱንም ደሮች በላች፤ ይህ በፓንክረስት ሕግ ውስጥ የለም።)

አሁን ወደ ስልቱ እንምጣ። ታሪክ የሚያጠናው ከእኛ አንዱ በፍጥነት ያምናል። በወረራው ጊዜ በደር ፊት ያሉትን መደቆች እያስሮጠ መንገድ ይከፍትና፣ ቀድሞ በልቶ ተራውን ያስጀምራል። ሌላው ተቃራኒ ነው፤ ንጉሡን በመደቅ አጥሮ፣ ፈርዙን ከጎኑ አቁሞ ይጠብቃል። እርስ በርሳችን ስንጫወት ፈጣኑ ይበልጥ ያሸንፍ ስለነበር የወረራን ምስጢር ያገኘን መሰለን።

ጓደኛችን ግን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። «ሩጥ እንጂ!» አልነው። አልሮጠም። እኛ ደራችንን ስናወጣ ፈረሱን ወደዚያው ያስጠጋል፤ ሐሳባችንን ለውጠን ወደ ሌላው ጎን ስንዞር እርሱም ፈረሱን ይመልሳል። ሠራዊቱን የሚያሰልፈው በእኛ ሰልፍ ልክ ነበር። ፈጣኑ የመጀመሪያውን መደቅ በደር በላ፤ ደሩም ወዲያው በባቄላው ፈረስ ተበላ። አጥር ሠሪው የተሻለ ቆየ፤ በመጨረሻም ንጉሡና አንድ ፊል ብቻ ቀሩት። ፊሉም በእርሱ አፍ ላይ ነበር።

«ብላው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አልነው፤ ያዘነልን መስሎን።

«ከበላሁት ንጉሥህ ራቁቱን ይቀራል። ራቁቱን አይገደልም ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

ፊሉን ትቶ፣ ደሩንም ፈረሱንም ለመዝጊያ አቁሞ፣ ንጉሣችንን በመደቅ ገደለው።

በዚህ ጊዜ ከእኛ አንዱ (የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም) «አንተ እኮ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነበረብህ» አለው። ምስጋና መስሎን ነበር። እርሱ ቆርኪዎቹን እየሰበሰበ ትንሽ ዝም አለና፣ «እዚህ የእናንተን ፊት አያለሁ። እዚያ ከፊቴ ወረቀት እንጂ ሰው አልነበረም» አለ። ከዚያ ባቄላውን ወደ ኪሱ ከተተ። እንደገና ይፈተን እንደሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀነው እንደማናውቅ ትዝ ያለን ያን ጊዜ ነው። ያን ቀንም አልጠየቅነውም፤ አፈርን።

ጨርቁን ለእርሱ ትተን መጣን። ባለፈው ሳምንት ስንደውልለት በበረንዳው ዳማ የሚጫወቱትን ሰንጠረዥ እያስተማረ እንደሆነ ነገረን። ወረራው ላይ ጩኸት ስለሚበዛ ባለሱቁ አማርሯል አሉ። ሁለተኛ ጨርቅ ሊያሰምር አስቦ የአምቦ ቆርኪ ስላነሰው አራት እንድንልክለት ጠየቀን፤ አያይዞም የ12ኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፋችን ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። አለ አልነው። ለማን እንደፈለገው አልነገረንም። በዶርማችን መስኮት ላይ ሦስት ቆርኪ ተቀምጧል፤ አራተኛውን እንዳገኘን ከመጽሐፉ ጋር ጠቅልለን ወደ ቡሬ በሚሄድ ሰው እንልክለታለን።