የቻንሰሪ ሌን ማንኪያዎች

ለንደን ገብቼ ያገኘኋት የመጀመሪያ እንጀራ ከመሬት በታች ነበረች። ቻንሰሪ ሌን ከሚባለው መንገድ ሥር፣ ደረጃውን ወርደው ወፍራሙን የብረት መዝጊያ ሲያልፉ፣ በየክፍሉ ብር የሚሸጥበት ገበያ አለ። እዚያ ለአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ማንኪያና ሹካ እወለውል ነበር። ዘመኑ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አገር ቤት የነበረውን ታውቁታላችሁ፣ እሱን ሆድ ይፍጀው። ያን ጊዜ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የመወልወያው ሽታ ነው። ቢታጠብ አይለቅም፤ ማታ አውቶቡስ ላይ ሰው እንዳይሸተው እጆቼን ኪሴ እከት ነበር።

ሽማግሌው ቁጡ ነበር፣ እውቀቱን ግን አይሰስትም። «መጀመሪያ በአውራ ጣትህ፣ ከዚያ በዓይንህ» ይለኛል። እጀታውን ከጀርባው ስዳስስ ጎድጎድ ጎድጎድ ያሉ ነገሮች ይነኩኛል፤ አጉሊ መነጽሩን ሲሰጠኝ አንበሳ ሆነው ብቅ ይላሉ። አንድ እግሩን አንሥቶ የሚራመደው አንበሳ ብሩ ከሺህ 925 እጁ ንጹሕ መሆኑን ይመሰክራል። የነብር ራስ ካለበት ለንደን፣ መልህቅ ካለበት በርሚንግሃም ተመርምሯል። ከዚያ የዓመቱ ፊደል ይከተላል፤ ከ1784 እስከ 1890 በተሠሩት ላይ ደግሞ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ አለ። የአንጥረኛው ስም መነሻ ፊደላትም አሉ። የእኔ ወረቀት ገና ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ይንከራተታል፤ የማንኪያው የትውልድ ከተማና ዓመት እንዲህ ቁልጭ ብሎ ሳየው፣ አልዋሽም፣ ቀናሁበት።

ቅርጹም ይናገራል። ሃኖቨሪያን የሚሉት ጥንታዊው ማንኪያ የእጀታው ጫፍ ወደ ላይ የቀና ነው። ያን ጊዜ ማንኪያ በአፉ ተደፍቶ ይቀርብ ስለነበር የባለቤቱ አርማ የሚቀረጸው በጀርባው ነው። ኋላ የመጣው ኦልድ ኢንግሊሽ ጫፉ ወደ ታች ዞረ፣ አርማውም ወደ ፊት መጣ። ብር የተቀቡትን ግን ተጠንቀቁ፤ በትንንሽ ጋሻ ውስጥ ፊደል ደርድረው ሲያዩዋቸው የብር ማህተም ይመስላሉ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! አንበሳውን ብትፈልጉ የለም።

የምወዳት ሄስተር ቤትማንን ነበር። ባሏ ሞቶባት በ1761 የራሷን ምልክት ያስመዘገበች አንጥረኛ ናት፤ ኤች እና ቢ፣ እንደ እጅ ጽሕፈት ተጠማዝዘው። አንድ ቀን የእሷን ማንኪያ ከትንሹ ኤም ፊደል ጋር አገኘሁ፤ 1787 ማለት ነው። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ሰማንያ ልትደፍን ምንም አልቀራት። የማንኪያው አፍ በግራ ጠርዙ ተበልቷል፤ ስንት ቀኝ እጅ ስንት ሳህን ፍቆበት ይሆን?

ያን ሰሞን ነው አያቴ ስሸኝ እጄ ላይ ያኖረችልኝን ማርትሬዛ፣ ጠገራ የምንለውን የብር ገንዘብ፣ ለሽማግሌው ያሳየሁት። አያቴ ጠገራ ስትቀበል ገንዘቡ ላይ በተቀረጸችው ንግሥት የደረት ጌጥ ያሉትን ዕንቁዎች አንድ በአንድ ሳትቆጥር አትይዝም፤ ለካ እሷም ማህተም አንባቢ ኖራለች። ሽማግሌው መዘነውና «833 ነው፤ አንበሳ አይሰጡትም» አለ። ቀጥሎ እየሳቀ፣ 1780 ቢልም ከ1936 ጀምሮ እዚሁ ለንደን ውስጥም ይቀጠቀጥ እንደነበር ነገረኝ፤ ጣሊያን ገንዘቡ የሚቀጠቀጥበትን የቪየናውን ቅርጽ ሲወስድ እንግሊዞቹ የራሳቸውን አወጡ።

ይህንን ለአያቴ ጻፍኩላት። መልሷን የጎረቤት ተማሪ ጽፎላታል፤ «ዕንቁው ከሞላ ማንም ይሥራው ለእኔ አንድ ነው» ትላለች፤ «ይልቅ አንተ ልጄ፣ በልተህ ታድራለህ ወይ? ደግሞስ ሰዎቹ ያን ሁሉ ማንኪያ ምን ይበሉበታል?»