ከምች ሸሽተን ወደ ምች

«አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ የጊች ልጆች ግን ጀንበር ሳለች በር ዘግተን የተቀመጥንበት ጊዜ ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለዚሁ ነው፤ ስለ ክረምት፣ ስለ ፀሐይና ስለ ሕፃናት አጥንት።

ጊች ነዋሪው በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እስኪዛወር ድረስ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የነበረ መንደራችን ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ጎጆውን ሁሉ ይውጠዋል። ታናሽ ወንድማችን የተወለደው በዚያ፣ በ2006 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነበር። በሩ ይዘጋል፣ እሳቱ ይጨሳል፣ ሕፃኑ በጋቢ ላይ ጋቢ ይደረብለታል። መስከረም ጠብቶ ፀሐይዋ ፍንትው ስትል እንኳ አያታችን «ምች ይመታዋል፤ የሰው ዓይንም አለ» እያሉ ፊቱን ይሸፍኑታል። እኛም በተራ አዝለነው ስንወጣ አደራችን አንድ ነበር፤ ፀሐይ እንዳታየው። አደራችንን አጥብቀን ጠበቅን እኮ!

ልጁ ዓመት አልፎትም ቀጥ ብሎ አልቆመም። ስናቆመው እግሩ እንደ ቀስት ይለመጣል፣ የእጁ አንጓ አብጧል፣ ጥርሱም ዘግይቷል። በሁለተኛው ክረምት ሳል ያዘውና ትንፋሹ ያጥር ጀመር። እናታችን አቅፋው በበቅሎ፣ አባታችን በእግር፣ ጭቃውን አቋርጠው ደባርቅ አደረሱት። ሐኪሙ ደረቱንና እግሩን ዳሶ «የሳንባ ምች ነው። ለመሆኑ ይህ ልጅ ፀሐይ አግኝቶ ያውቃል?» ሲል ጠየቀ። እናታችን መልስ አጣች። ወሬው ቤት ሲደርስ አያታችን «ወይኔ፣ ከምች ሸሽተን ወደ ምች!» ብለው አለቀሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ሲነካው ቆዳችን ቪታሚን ዲ ይሠራል። ይህ ቪታሚን ካነሰ አንጀት ከምግብ በቂ ካልሲየም አይወስድም፤ አጥንትም ይልፈሰፈሳል። በሽታው ሪኬትስ ይባላል። የደረት አጥንት ሲለሰልስ ደግሞ ልጁ በደንብ መተንፈስና አክታውን ማውጣት ያቅተዋል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልያዛቸው 500 ግን 20ዎቹ ብቻ።

በሰሜን አውሮፓ በብርዱ ወራት ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ስለምታልፍ ቆዳ ቪታሚን ዲ መሥራት ይሳነዋል፤ ስለዚህ ሰዎቹ የዓሣ ጉበት ዘይት ወይም እንክብል ይወስዳሉ። የኛ ክረምት እንዲያ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ደመናውም ጨረሩን ሁሉ አያስቀርም። በዚያ ላይ ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ታዲያ ወንድማችንን ከፀሐይ የከለከለው ሰማይ ሳይሆን የኛው በርና የኛው ጋቢ ነው። ምግባችንም ጉድለቱን አይሞላም። ቪታሚን ዲ በብዛት የሚገኘው ቅባት ባለው ዓሣ ነው፤ በእንቁላል አስኳልና በጉበት ጥቂት አለ፤ በገብስ ቂጣና በድንች ግን የለም። የእናት ጡትም ለሁሉ ቢበቃ ለዚህ ብቻውን አይበቃም።

ወንድማችን መድኃኒቱን ወሰደ፤ ጠዋት ጠዋትም ነፋስ በማይነካው ጥግ፣ ልብሱ ገለጥ ተደርጎ፣ ፀሐይ ይሞቅ ጀመር። ሄደ፤ ሮጠም። አንድ እግሩ ግን እስከ ዛሬ ትንሽ ቆልመም ያለ ነው። ኳስ ሲጫወት ባየነው ቁጥር ያ አደራችን ትዝ ይለናል።

አያታችንን አልወቀስናቸውም። የደጋ ነፋስ ሕፃን ይጎዳል፣ የቀትር ፀሐይም ያቃጥላል፤ ፍርሃታቸው ከምንም አልመጣም። ዛሬ ደባርቅ ላይ አራስ ሲጠይቁ «ከጠዋቱ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት አውጪው፤ ካልወጣችም ብልጭ ባለች ጊዜ አውጪው፤ በመስኮት መስታወት በኩል ግን አይሆንም» የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነገ ከመካከላችን ብዙዎች ደጋ ላይ እንመደባለን። ተማሪዎቻችን ታናናሾቻቸውን አዝለው የሚውሉ ልጆች ናቸው። በምች ሳንስቅ፣ አያቶችን ሳንንቅ፣ ይህን እንንገራቸው። እኛ አዝለን ስንዞር የነገረን አልነበረምና።