ኩልል ያለ ውሃ

ታላቅ ወንድሜ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ በሄደ ጊዜ፥ 200 ሊትር የጨው ውሃ የሚይዘውን የመስተዋት ገንዳና በውስጡ የሚኖሩትን ሁለት የባሕር ዓሦች በአደራ ሰጠኝ። እኔም አደራዬን የጠበቅሁ መስሎኝ ጧትና ማታ አብዝቼ አበላቸው ጀመር። ውሃው ተንኖ ሲጎድልም ንጹሕ ውሃ እጨምርበት ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ መስተዋቱን አረንጓዴ አልጌ ሸፈነው፤ ዓሦቹም መብል ጠሉ። ውሃው ግን ኩልል ብሎ ይታይ ስለ ነበር ጥፋቱን በታናሽ እኅቴ ላይ ጣልሁ። «አንቺ አንዳች ነገር ጨምረሽበታል!» ብዬ አስለቀስኋት።

ወንድሜ በስልክ ናይትሬቱን እንድለካ አዘዘኝ። ብለካው በሊትር 80 ሚሊግራም ሆኖ ተገኘ። ለካስ የተረፈው ምግብና ዓሦቹ የሚያወጡት ቆሻሻ በመጀመሪያ አሞኒያ ይሆናል፤ ባክቴሪያዎችም ይህን ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ውሃው ሲተን ናይትሬቱ አብሮ አይተንም። ስለዚህ እኔ በሰጠሁት ትርፍ ምግብ ምክንያት በየቀኑ ሲጠራቀም ኖሯል።

መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ሁሉን በአንድ ጊዜ መለወጥ ዓሦቹን ስለሚጎዳ፥ በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ እያወጣሁ በሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው በሟሟበት አዲስ ውሃ ተካሁ፤ ምግቡንም ቀነስሁ። ናይትሬቱም ከ80 ወደ 60፥ ቀጥሎም ወደ 45 ገደማ ወረደ።

ዓሦቹ ዳኑ። ውሃውን ከመለወጥ ይልቅ የከበደኝ እኅቴን ይቅርታ መጠየቅ ነበር፤ ሆኖም ጠየቅኋት። ወዳጆቼ ሆይ፥ ሳትለኩ በሰው ላይ አትፍረዱ።