የወንጂ ልጆች ጥርስና የጕድጓዱ ውሃ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደጋው ከኋላው እየቀረ፣ ነፋሱ እየሞቀ፣ ግራሩም እየበዛ ሲሄድ ወደ ስምጥ ሸለቆ መግባቱን ያውቃል። እኛም ከአዳማ በስተ ደቡብ ጥቂት እንደ ተጓዝን የወንጂ ሜዳ በፊታችን ተዘረጋ። ዐይን እስኪታክት ድረስ የሚታየው ሸንኮራ አገዳ ነው፤ የሚያጠጣውም አዋሽ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቆመው የስኳር ፋብሪካ በዚህ ስፍራ በ1946 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ይታወሳል። ያ አሮጌ ፋብሪካ ዘመኑን ጨርሶ በአዲስ ቢተካም፣ «ካምፕ» እየተባሉ የሚጠሩት የሠራተኞች መንደሮች አሁንም በሸንኮራው መካከል ይታያሉ።

ወደዚህ የመጣነው የሕፃናቱን ጥርስ ጉዳይ ለመመልከት ነው። ስኳር በሚመረትበት አገር የልጅ ጥርስ ተበላሸ ቢባል ሰው ሁሉ ጣፋጩን መጠርጠሩ አይቀርም፤ የወንጂው ችግር ግን የመጣው ከውሃው ነው።

የስምጥ ሸለቆ ምድር ከእሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይና ዐመድ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ውሃው በድንጋዩ መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር እያሟሟ ይይዛል። ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲሆን ጥርስን ከመበስበስ ይጠብቃል፤ በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ስለዚሁ ነው። ሲበዛ ግን ይጐዳል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በወንጂ አካባቢ በተቈፈሩ ጕድጓዶች ግን ከዚህ ልክ እጅግ የሚያልፍ ፍሎራይድ ተገኝቷል።

ከከምባታና ከሐዲያ ለሥራ የመጡ አባቶች ጥርሳቸው ነጭ ሆኖ ሳለ፣ እዚያው የተወለዱት ልጆቻቸው ጥርሳቸው የበለዘ ሆኖ መገኘቱ ብዙ ሰው ሲያስገርም ኖሯል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ቋሚው ጥርስ ከመብቀሉ ከብዙ ዓመት በፊት በድድ ውስጥ እየተሠራ ይቈያል። ፍሎራይድ የጥርስን ሽፋን የሚያበላሸው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ በሁለትና በሦስት ዓመቱ የጠጣው ውሃ በሰባት ዓመቱ በሚበቅለው የፊት ጥርሱ ላይ ይታያል፤ ሲቀል እንደ ነጭ መስመር፣ ሲከብድ እንደ ቡናማ እድፍና እንደ ተቦረቦረ ሽፋን። አድገው የመጡት አባቶች ግን ጥርሳቸው ቀድሞ ተሠርቶ ስላለቀ አልበለዘም። እነርሱም ቢሆኑ ከጉዳት አላመለጡም፤ ይህን ውሃ ለብዙ ዓመታት በጠጡ የወንጂ ሠራተኞች ላይ አከርካሪን የሚያደርቅ የአጥንት ሕመም በሐኪሞች ተመዝግቧል።

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው፤ ኀዘን በልብ ሳለ እንኳ ይሥቃልና። ጥርሱ የበለዘ ልጅ ግን ደስ ብሎትም ሳለ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሲሥቅ ይታያል። ጓደኞቹም ያልታጠበ ይመስላቸዋል፤ እርሱ ግን አጥብቆ ቢፍቅም እድፉ አይለቅም።

አንዲት እናት እንስራዋን አውርዳ፣ «እስቲ ንገሩኝ፣ ባፈላውስ አይለቀውም?» ስትል ጠየቀችን። «አይ እኅታችን፤ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቍጥር የቀረው ይበረታል» አልናት። ፍሎራይድን የሚቀንሰው ሌላ ዘዴ ነው። ውሃውን አሉሚና በተባለ ማጣሪያ ማሳለፍ፣ በተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል ማጣራት፣ ወይም የፍሎራይዱ መጠን ዝቅተኛ የሆነውን የአዋሽን ውሃ አጥርቶ ማደል ይቻላል። በወንጂም የአሉሚና ማጣሪያ ተተክሎ ሠርቷል፤ ሆኖም ማጣሪያ በየጊዜው ካልታደሰና ካልተጠበቀ ጥቅሙ ይቀራል።

በስምጥ ሸለቆ የምትኖሩ ወላጆች ሆይ፣ ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ፤ እናቲቱ የጕድጓዱን ውሃ ብትጠጣም ወደ ወተቷ የሚያልፈው ፍሎራይድ እጅግ ጥቂት ነውና። ንጹሕ የተጣራ ውሃ ለቤተሰቡ ሁሉ ባይበቃ፣ አስቀድሞ ለትንንሾቹ መጠጥና ገንፎ ይዋል፤ ለልብስና ለገላ ሌላው ይበቃል። የክረምቱ ዝናብ በንጹሕ ዕቃ ቢጠራቀም ፍሎራይዱ ጥቂት ነው፤ እርሱን አፍልቶ ማጠጣት መልካም ነው። የጥርስ ሳሙናው ሦስት ዓመት ላልሞላው የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይሁን፤ ልጁም መትፋትን ይማር። የበለዘውን ጥርስ በአሸዋ ወይም በከሰል መፈተግ ሽፋኑን ይበልጥ ስለሚጐዳ ይቅር፤ የጥርስ ሐኪም እድፉን ሊያቀል ወይም ሊሸፍን ይችላል።

ጥርሱ አንድ ጊዜ በልዞ ከወጣ በኋላ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ሰባት ዓመት ሲሆነው የሚሥቀው ሣቅ ዛሬ በሚጠጣው ጽዋ ላይ የተመሠረተ ነውና፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ጉዳይ ይስማማል።